የክት ልብስ በማክሰኞ

በአሰላ ሰው ሁለት ዓይነት ልብስ አለው፤ አንዱን ይለብሳል፣ ሌላውን ይጠብቃል። የሚለብሰው አዘቦት ይባላል፣ የሚጠብቀው ክት። አዘቦቱ ክርኑ እስኪያልቅ፣ ቀለሙ ምን እንደነበረ ባለቤቱ ራሱ እስኪረሳ ድረስ ይለበሳል። ክቱ ደግሞ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ኪሱ ውስጥ የብል መድኃኒት ተጨምሮለት፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ቀኑን ይጠብቃል። ቀኑ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ልብሱ ጠቦ ይገኛል። ያኔ ባለቤቱ “ምነው፣ ሳልጠግበው” ብሎ ያዝናል፤ እንኳን ሊጠግበው ቀምሶትም አያውቅም።

ይህን የምለው ከሩቅ ቆሜ አይደለም። እኔ ራሴ የዚህ ወግ ዋና ጠበቃ ነበርኩ። ጎበሳ ተወልጄ አደግሁ፤ ለሥራ አሰላ ከመጣሁ ወዲህ በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ የሠራተኛ ዝውውርና የዓመት ፈቃድ ሳገላብጥ አርባዎቹ ውስጥ ገባሁ። የምኖረው በተከራየሁት አንድ ክፍል ቤት ነው። ቤቱ ውስጥ ካለው ዕቃ ትልቁ ቁም ሣጥኔ ሲሆን እሱም ከላይ እስከ ታች የክት ነው። አዘቦቴ የሚንጠለጠለው ከበሩ ኋላ ባለ ምስማር ላይ ነበር። ለማልለብሰው ልብስ ባለ መስታወት ቁም ሣጥን፣ ለምለብሰው ምስማር። እንዲህ መሆኑ ለዓመታት አንድም ቀን ገርሞኝ አያውቅም።

ምስማሩ ላይ ዋናው ቡናማው ሹራቤ ነበር። የአሰላ ብርድ ጠዋት ጠዋት ከጭላሎ ተራራ ሲወርድ ማንም የማንንም ልብስ አያይም፤ ሁሉም ሹራብ ነው። የኔው ግን ከሹራብነት አልፎ መታወቂያ ሆኖ ነበር። ጉዳይ ያለው ሰው ቢሮ መጥቶ እኔን ሲያጣ “ያቺ ባለ ቡናማዋ የለችም?” ብሎ ይጠይቃል። ሹራቡ ከፊትና ከኋላ ጓጉሏል፣ አንዱ እጅጌው ከሌላው ረዝሟል፤ አንድ ቀን ታጥቦ ሳይደርቅልኝ በሌላ ልብስ ብሄድ ባለጉዳዮቹ አዲስ ሠራተኛ መስያቸው እኔን ፍለጋ ወደ ሌላ ክፍል ሄዱ።

ቁም ሣጥኑ ውስጥ ደግሞ ሁሉም ልብስ የየራሱን ቀን ይጠብቃል። ወይን ጠጅ ሙሉ ልብስ አለኝ፤ ጃኬትና ጉርድ። እሱ የሚጠብቀው ጢቾ ያለችው አክስቴ ልጅ የሚመረቅበትን ቀን ነው፤ ልጁ ደግሞ ሌላው ሰው ተምሮ ከወጣ በኋላም እሱ ገና ይማራል። አረንጓዴ ካፖርት አለኝ፤ ትልልቅ ቁልፍ ያለው። ዐረብ አገር የነበረች ዘመዴ ናት ያመጣችልኝ፤ በዚያ ሐሩር አገር ካፖርት ማን እንደሚሸጥና ማን እንደሚገዛ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እሱ አዲስ አበባ የምሄድበትን ቀን ይጠብቃል። ነጭ የሐር ሸሚዝ አለኝ፤ ለፋሲካ ነው፤ ግን አንዱ ፋሲካ ዘነበ፣ አንዱ በረደ፣ አንዱ ላይ ደግሞ ዶሮ ወጥ ይንጠባጠብበታል ብዬ ተውኩት። ተረከዘ ረጅም ጥቁር ጫማም አለኝ፤ የሰፈራችን መንገድ እስኪነጠፍ የሚጠብቅ። ከሁሉም ተስፋው የመነመነው እሱ ነው።

የሚጠብቅ ከተባለ እናቴም ነበረች። ሰባ ዓመት አልፏታል፤ ጎበሳ ብቻዋን ትኖራለች። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ትደውልልኛለች። ስለ ከብቱ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ጎረቤቱ ትነግረኝና መጨረሻ ላይ “ሌላስ ምን አዲስ ነገር አለ?” ትለኛለች። የትኛው አዲስ ነገር እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። “ምንም የለ፣ ሁሉም ደህና ነው” እላለሁ። “እግዜር ያውቃል” ትልና ትዘጋዋለች።

በአንድ ወቅት እጮኛ ነበረኝ። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆርጦ፣ ጠላው ሊጠነሰስ ሲል ሰውየው ሐሳቡን ቀይሮ ሌላ አገር ሌላ ሴት አገባ። እኔ አልቅሼ ወጣልኝ። እናቴ ግን ያን ክረምት አልጋ ይዛ ከረመች። እህል ሳትቀምስ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፤ እኔ የተከዳሁት ተነስቼ እሷን ሳስታምም። ከዚያ ወዲያ በሕይወቴ አንድ ነገር ቆርጫለሁ፤ እናቴ በኔ ሰርግ ጉዳይ ሁለተኛ ተስፋ አድርጋ ሁለተኛ እንድትወድቅ አልፈቅድም። ለዚህ ብዬ ከወንድ ጋር ሻይ ስጠጣ እንኳ የጎበሳ ሰው አለመኖሩን ዞር ብዬ የማረጋግጥ ሴት ሆኜ ነበር።

ነገሩን የጀመረው ስልክ ነው። አንድ ቀን የቢሮአችን ኢንተርኔት ደህና ቀኑ ሆኖ ስልኬ ላይ አንዲት የአዲስ አበባ ልጅ ብቅ አለች። ከኋላዋ ያለው ቁም ሣጥን ከኔ ቤት ይሰፋል። አዲስ ልብስ አትግዙ፣ ያላችሁን በአዲስ ዓይን እዩት ትላለች። እስከዚህ ተስማማን። ቀጥላ ዓመት ሙሉ ያልለበሳችሁትን ሁሉ አውጥታችሁ ለሰው ስጡ፣ የምትለብሱትን ብቻ አስቀሩ አለች። ስልኩን እንደያዝኩ ቁም ሣጥኔን በሐሳቤ ከፈትኩት። በልጅቷ ሕግ ከሄድኩ ካፖርቱ ይሄዳል፣ ሙሉ ልብሱ ይሄዳል፣ ሐሩ ይሄዳል፣ ጫማው ይሄዳል፤ የሚተርፈኝ ቡናማው ሹራብ ከነምስማሩ ነው። ይህች ልጅ ክት የሚባል ነገር በዓለም ላይ እንዳለ የነገራት ሰው የለም።

ቢሆንም ምክሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ስንት ቀን ካሰብኩ በኋላ ገልብጬ ተቀበልኩት፤ ያልለበስኩትን ሳይሆን ዕለት ዕለት የምለብሰውን አውጥቼ ልስጥ። አዘቦቱ ከሌለ ክቱን ከመልበስ በቀር ምን ምርጫ አለኝ? ራሴን ስለማውቀው ነው እንዲህ ያደረግኩት። ሹራቡ በር ኋላ ተንጠልጥሎ እያየኝ ክት ለብሼ የምወጣ ሰው አይደለሁም።

ሰኞ ከሥራ ስመለስ ምስማሩ ላይ የነበረውን ሁሉ ሰብስቤ ለአከራዬ ወሰድኩላቸው። አከራዬ እዚሁ አሰላ ተወልደው ያረጁ እናት ናቸው፤ አዴ እላቸዋለሁ። ባላቸው ሐጂ ከሞቱ ወዲህ በግቢው ውስጥ የሚገባና የሚወጣ ነገር ሁሉ በእሳቸው በኩል ነው የሚያልፈው፤ ወሬም ጭምር። ለወለል መወልወያ ይሁንዎት ብዬ ሹራቡን ሰጠኋቸው። አገላብጠው፣ ብርሃን ላይ ዘርግተው አዩትና ለወለልም አይሆን አሉኝ። ከዚያ ሹራቡን ትተው እኔን ያዩኝ ጀመር። ልብሷን አውጥታ የምትሰጥ ሴት ወይ ልትሞት ነው ወይ ልትሄድ ነው፤ ሌላ ትርጉም አያውቁለትም።

በማግስቱ ማክሰኞ ነበር። ከሙሉ ልብሱ ጉርዱን ብቻ አወጣሁ፣ ከላዩ የሐሩን ሸሚዝ፣ ከዚያ በላይ ካፖርቱን፤ ጫማውንም አደረግሁ። መስታወቱ ፊት ስቆም አንድ ነገር ተገለጠልኝ። ጃኬትና ጉርድ አንድ ላይ ካልተለበሱ ሙሉ ልብስ መሆናቸው ይቀርና ጃኬት ጃኬት፣ ጉርድም ጉርድ ይሆናል። ሰርግም ምረቃም አይመስልም፤ ልብስ ይመስላል። እዚህች ላይ ለመድረስ ይህን ሁሉ ዕድሜ ፈጅቻለሁ። የብል መድኃኒቱ ሽታ ከኔ ቀድሞ መንገድ ይወጣል እንጂ አምሮብኝ ነበር፤ በጣም ደስ አለኝ። እንዲያ ደስ ብሎኝ ከቤት የወጣሁበትን ሌላ ማክሰኞ አላስታውስም።

ደስታዬ እስከ ግቢው በር ድረስ ቆየ። አዴ በሩ ላይ ቆመው ከጫማዬ እስከ አንገቴ አዩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“ኤኙቱ ዱኤ? ማን ሞተ?”

ማንም አልሞተም አልኳቸው። ታዲያ ማን ሊያገባ ነው አሉ። ማንም አልኳቸው። ቪዛ መጣልሽ? አልመጣልኝም። ሹመት ነው? አይደለም። ከዚህ በላይ ልብስ የሚለበስበት ምክንያት ስላላወቁ ከበሩ ዞር አሉልኝ፤ ግን አላመኑኝም። ባጃጅ ውስጥ ስገባ ደግሞ ሾፌሩ ሳልነግረው ቤተ ክርስቲያን ነው ሆስፒታል ብሎ ጠየቀኝ። ቢሮ ስለው ቅር ብሎት ነዳ።

መሥሪያ ቤታችን በር ላይ ያለው ጥበቃ በየቀኑ ስገባ ተቀምጦ አገጩን ከፍ የሚያደርግልኝ ሰው ነው። ያን ቀን ብድግ ብሎ የኮቱን ቁልፎች ሲቆልፍ አየሁት። ከኔ በኋላ የመጣውን ሰው ሁሉ ሲፈትሽ ኪስ ብቻ ሳይሆን ካልሲ ድረስ ወረደ። በሻይ ሰዓት ምክንያቱ ተደረሰበት። እኔ የሰው ኃይል ነኝ፤ የሰው ኃይል ማን መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ ያውቃል፤ የሰው ኃይል ማክሰኞ ቀን ካፖርት ከለበሰ ከበላይ ቢሮ ተቆጣጣሪ እየመጣ ነው።

ረቡዕ ጃኬቱን በሐበሻ ቀሚስ ላይ ደርቤ፣ ነጠላዬን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ ስገባ ግቢው ተጠርጎ ጠበቀኝ። ለስንት ጊዜ ተቆልፎ የነበረው መጸዳጃ ቤት ተከፍቶ ውሃ ይወርድበታል። ሁልጊዜ ረፋዱ ላይ የሚመጣው ሰው ሁሉ ጠዋት ወንበሩ ላይ ተገኝቷል። ኃላፊያችን ክራቫት አድርጎ ነበር፤ ክራቫቱ የሠርጉ መሆኑን የነገረችኝ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ናት። ቢሮው አስጠርቶኝ በሩን ከዘጋ በኋላ መቼ ነው የሚመጡት አለኝ። እነማን ስለው ደግሞ ምስጢር በመጠበቄ አመስግኖኝ አሰናበተኝ። በስንት ስብሰባና በስንት ሥልጠና እምቢ ያለ መሥሪያ ቤት በአንዲት ካፖርት ተስተካከለ።

ሐሙስ ከሰዓት ድረስ ማንም ሳይመጣ ሲቀር ሰው በኔ ተናደደ። አታለለችን ተባለ። እኔ የገዛ ልብሴን ለበስኩ እንጂ ምን አልኩ? ማንም አልሰማኝም። ይኸው አሰላ ውስጥ አንድ ሰው ቱታ ለብሶ ፈጠን ብሎ ከሄደ ሯጭ ነው ተብሎ መንገድ ይለቀቅለታል፤ ሆዱ ከፊቱ ቀድሞት ቢሄድም ማንም ምን ሆንክ አይለውም። ሴት ግን ጃኬቷን ለመልበስ ምክንያት ማቅረብ አለባት። ተቆጣጣሪው ከቀረ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይፈለግላታል፤ ተፈልጎም ተገኘ። ወንድ ነው ተባለ።

ወንዱንም ራሳቸው አገኙልኝ። ከዲክሲስ የሚመላለስ አንድ የእርሻ ባለሙያ ነበር፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ወደ አሰላ ዝውውር የሚጠይቅ። ከሰውየው ጋር በሕይወቴ የተነጋገርነው “ፎቶ ኮፒ ይጎድላል” እና “እሺ፣ አመጣለሁ” ብቻ ነው። ይህ ግን ለእነሱ ከበቂ በላይ ነበር። ለምን አሰላ ፈለገ? ለምን ፎቶ ኮፒውን አንዴ አያሟላም? እየቀነሰ የሚያመጣው ለመመላለስ ነዋ። ልክ ናቸው እንዴ ብዬ እኔም ራሴ ማሰብ ጀመርኩ። ደግሞም ካልዋሸሁ ሰውየው ቁመቱ ደህና ነው። ዓርብ ጠዋት መጣ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ዓይን ሁሉ በኔ ካፖርትና በእሱ ፊት መሐል ሲመላለስ አየና ላብ አጠመቀው፤ የያዘውን ወረቀት ሳይሰጠኝ ደህና ዋሉ ብሎ ወጣ። አፈረ አሉ፤ ማፈሩም ማስረጃ ሆነ።

እስከዚያ ድረስ ነገሩ ያስቀኝ ነበር። ሳቄ የቆመው ዓርብ ማታ ወደ ቤት ስገባ ነው። አዴ በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው ፈገግ አሉብኝ። በገበያ ቀን ቅቤ ይዛ ከጎበሳ የምትመጣ ሴትዮ አለች፤ አሰላ ስትመጣ እሳቸው ጋ ነው የምታርፈው። ዛሬ መጥታ ነበር አሉኝ፤ መልካሙን ዜና አበሰርኳት፤ እናትሽ ጋ ሳትደርስ ቤቷ እንደማትገባ ምላልኛለች። እኔ በእናትሽ ቦታ ብሆን ከሰው ሳይሆን ከልጄ አፍ ብሰማው እወድ ነበር ብለውም ወቀሱኝ። እዚያው ደረጃቸው ላይ ተቀመጥኩ።

“አዴ፣ ምን ብለው ነው የነገሯት?”

“ያለውን ነዋ። ወላሂ አልጨመርኩም። ከዲክሲስ ዶክተር አገኘች ነው ያልኩት።”

የእርሻ ባለሙያው እግረ መንገዱን ዶክተር ሆኗል። እኔ ግን የማስበው እናቴን ነበር፤ የዚያን ክረምት ጀርባዋ፣ ወደ ግድግዳ የዞረው። ወዲያው ደወልኩ። የእናቴ ስልክ ተዘግቷል። ሁልጊዜም ዝግ ነው፤ ስልኩም ክት ነው። ወንድሜ የገዛላትን ስልክ በመሐረብ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ታስቀምጣለች፤ እሑድ አውጥታ ለኔ ትደውልበትና ባትሪው እንዳያልቅ መልሳ ታጠፋዋለች። ሰፈሩ ቢቃጠል እንኳ ስልክ አለኝ ብላ የምታስታውስ አይመስለኝም። እንደገና ደወልኩ፤ ዝግ። የጎረቤት ስልክ ደግሞ የለኝም፤ ቢኖረኝስ በጎረቤት በኩል “የማገባው ሰው የለም” ብዬ ልላክባት?

ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ጎበሳ ሄጄ ሰው በተሰበሰበበት ሳይሆን ለብቻዋ፣ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ ብዬ ወሰንኩ። የምነግራትንም ቃል በቃል አዘጋጀሁ። ሳዘጋጅ ለካ እጄን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ አድርጌ የብል መድኃኒቱን እያሸሁ ነበር። በዚያች ሰዓት ካፖርቱን ጠላሁት። ቡናማው ሹራብ ቢሆን ኖሮ ለማንም ተስፋ አይሰጥም ነበር። ልብስ ማለት ይኸው ነው፣ አርፈሽ ብትቀመጪ ምን ነበረበት እያልኩ ራሴን ስሰድብ ቆየሁ።

ቅዳሜ ረፍዶብኝ ተነሣሁና ካፖርቱን መልሼ ለበስኩ፤ ሌላ የምለብሰው የለኝማ። ቦርሳዬን ይዤ ልወጣ ስል ከግቢው በር የአዴ እልልታ ተሰማ። በመስኮት አየሁ። እናቴ ጋቢዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ፣ ጫማዋ አቧራ ለብሶ፣ በአዴ ክንድ ተደግፋ ትገባለች። የመጀመሪያው መኪና የኔ ሳይሆን የእሷ ሆነ ማለት ነው።

ቤት ገብታ ሳመችኝ። ከዚያ ጋቢዋን አወለቀች።

ከሥር የለበሰችው ቀሚስ አይቼው የማላውቀው ነው። ነጭ ሆኖ ጥለቱ ሐምራዊ ነው፤ ባለሙያ የሠራው፣ ለሙሽራ እናት የሚሆን። ታጥፎ ስለኖረ የእጥፉ መስመር ደረቷ ላይና ጉልበቷ ላይ አራት ማዕዘን እየሠራ ይታያል፤ እጥፉ ላይ ጨርቁ ወደ ቢጫ ሄዷል። እጅጌው ጣቶቿን ይሸፍናል። ሲሰፋ ልኳ ነበር፤ አሁን እሷ አጥራለች፣ ትከሻዋም ጠቧል። እንዳይጨማደድባት ወንበሩ ጫፍ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። አዴ አይተው አልጠገቡም፤ ለሙሽራ እናት ወተት ሳላመጣ ብለው ወጡ።

ካዘጋጀሁት ንግግር አንድ ቃል አልቀረልኝም። አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

“እማዬ፣ የሰማሽው ውሸት ነው። ሰው የለም። ያለኝን ልብስ አውጥቼ ለበስኩ፣ ሰው አየና አወራ። ሌላ ምንም የለም።”

እናቴ ጉልበቷ ላይ ያለውን እጥፋት በመዳፏ ደጋግማ አለሰለሰችው። ፊቷን ወደ ግድግዳ እስክታዞር እጠብቅ ነበር።

“አውቃለሁ” አለች።

እንዴት እንዳወቀች ነገረችኝ። ቅቤ ነጋዴዋ በመጀመሪያ ዶክተር ነው አለቻት። ቆይታ ጎረቤት ስትደመርበት የእህል ነጋዴ ሆነ። ሊለያዩ ሲሉ ደግሞ መኪና አለው፣ ከአዲስ አበባ ነው ተባለ። እናቴ ጥርጣሬ የገባት መኪናው ጋ ነው፤ አንድ ሰው በአንድ ምሽት ይህን ሁሉ ከሆነ የለም ማለት ነው ብላ ደመደመች። እኔ ሌሊቱን ሙሉ የፈራሁላት ሴት ወሬውን እንደ ፖሊስ መርምራ፣ ውድቅ አድርጋ፣ ጸሎቷን አድርሳ ተኝታለች።

“ታዲያ ይህን ለብሰሽ ለምን መጣሽ?”

“ልለብሰው ብዬ ነዋ። ጎበሳ ውስጥ ዝም ብዬ ብለብሰው አሮጊቷ ለየላት ይሉኛል። የልጄ ጉዳይ ነው ስል መኪናው ውስጥ እንኳ ፊት ወንበር ሰጡኝ።”

ቀሚሱን ያሠራችው ያኔ ነው፤ ቀኑ ተቆርጦ በነበረበት ጊዜ። ሰርጉ ሲቀር እንዳላይባት ሣጥኗ ሥር ደበቀችው። ክረምት ሲወጣ እያወጣች ታናፍሰዋለች፣ ታጥፈዋለች፣ ትመልሰዋለች። ዘንድሮ ስታናፍሰው እጥፉ ላይ መበጠስ እንደ ጀመረ አየች። ስሞት የማንም መጫወቻ ከሚሆን እኔው ልቅደደው አለች፤ ምክንያት ግን ያስፈልጋት ነበር። የኔ ወሬ ሲደርስላት ከሰማይ የወረደ ሆነላት። ወሬው ውሸት ቢሆንም ለብሶ ለመውጣት ይበቃል።

ሳቅሁ። ሳቁ መሐል ላይ ግን አንድ ነገር ጎረበጠኝ።

“እና እኔን መጠበቁን ተውሽው?”

“ከተውኩት ስንት ጊዜዬ።”

“ታዲያ እሑድ እሑድ የምትጠይቂኝ?”

እናቴ ሕፃን ልጅ እንደምታይ አየችኝ።

“ካልጠየቅኩሽ እናቴ ቆረጠችብኝ ብለሽ ይከፋሻል ብዬ ነው።”

ለስንት ዓመት እሷን የማባብል መስሎኝ እኔ ነበርኩ የምባበለው። አትጠብቂኝ፣ ተይኝ እያልኩ በሆዴ ስለፋ ኖሬ፣ መተዋን ከአፏ ስሰማ እንደዚያ የሚያም አልመሰለኝም ነበር። ከፋኝ። የኔን ሰርግ በዓለም ላይ የሚጠብቅ አንድ ሰው ካለ እሷ ናት ብዬ ነበር፤ ለካ እሷም ለይሉኝታ ነበር የምትጠይቀኝ። አረንጓዴ ካፖርት ለብሼ መሬት ላይ ተቀምጬ አኮረፍኩ፤ ከንፈሬን ሳይቀር ጣልኩ።

እናቴ ኩርፊያዬን አይታ እንዳላየ አለፈችው። ወንበሩን ተደግፋ ተነሳች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ ጋቢውን አልጋዬ ላይ ወረወረችው። ብርድ ነው ብላት አልሰማችም።

“ተነሺ። ይሄን ሁሉ መንገድ ቤት ውስጥ ልጎለት አልመጣሁም። ከተማውን አዙሪኝ።”

በሩ ላይ አዴ ወተቱን በሁለት እጃቸው ይዘው እየመጡ አገኙን። እናቴን ከላይ እስከ ታች አይተው ማሻአላህ አሉ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀኑ መቼ ተቆረጠ ብለው ጠየቋት። እኔ ውሸቱን ላስተባብል አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ።

“ዛሬ ነው” አለቻቸው፤ ወተቱን ተቀብላ ቆማ ጠጣች፣ አመስግና ዋንጫውን መለሰችላቸው፣ ቀሚሷን ከአቧራው ከፍ አድርጋ ይዛ ወደ ትልቁ መንገድ መራመድ ጀመረች። እኔም እንዳኮረፍኩ ተከተልኳት።